ለወንዝ አንድ ረጅም ትንፋሽ

በጃማይካ፣ በፈርን ጋፕ ሸለቆ፣ ወንዙን የሚያውቅ ሁሉ ሚስ ኤቨሪልን ያውቃል። ቤቷ ወንዙ ወደ ግራ ከሚታጠፍበት ገደል አፋፍ ላይ ነው፤ ሁለት ክፍል፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ ከፊት ለፊቱ የእንጨት በረንዳ። ከበረንዳው ምሰሶ ላይ፣ የልጅ እጅ ከማይደርስበት፣ ጫፉ የተቆረጠ ትልቅ የባሕር ዛጎል በገመድ ተንጠልጥሏል። ውስጡ እንደ ሕፃን ድድ ሮዝ ነው። ዛጎሉ የአባቷ ነበር፣ ከአባቷም በፊት የአያቷ። ሚስ ኤቨሪል ስልሳ ስምንት ዓመት ሞልቷታል፤ ከዚህ ውስጥ አርባ ስድስቱን ዛጎሉን ስትጠብቅ ነው የኖረችው። ደመወዝ የለውም፣ የሾማትም የለም።

የወንዙ ልጆች ኑሯቸው ታንኳ ነው። ቀርከሃ ቆርጠው፣ ጎን ለጎን አስረው፣ ከኋላ ለሁለት ሰው የሚሆን መቀመጫ ይሠሩለትና እንግዳ አስቀምጠው ከላይኛው መነሻ እስከ ባሕሩ አፍ ድረስ ይወርዳሉ። ካፒቴኑ ከፊት ቆሞ በረጅም ዘንግ ይገፋል። ሦስት ሰዓት የሚፈጅ፣ ጸጥ ያለ መንገድ ነው። ወንዙ ግን የራሱ አመል አለው። ታች ፀሐይ እየሞቀ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ላይ ተራራው ላይ ሌላ ሰማይ አለ። እዚያ የዘነበው ዝናብ ምንም ሳይናገር ተሰብስቦ በደራሽ ይመጣል። ውኃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው።

ከሚስ ኤቨሪል በረንዳ ሆኖ ለሚያይ ሰው ምልክቱ ቀድሞ ይታያል። በወንዙ መካከል ያለችው፣ ሁሉም «ዶሮዋ» የሚላት ድንጋይ፣ ጀርባዋ ከራሰ ወንዙ ሊወርድ ነው፤ የአገሩ ሰው ደራሽ ሲመጣ የሚለው እንዲህ ነው። ያኔ ሚስ ኤቨሪል ዛጎሉን ታነሣለች። ሳትቆርጥ፣ ሳታርፍ፣ ደረቷ ውስጥ ያለው አየር እስኪያልቅ አንድ ረጅም ትንፋሽ ትነፋለች። ከዚያ ደግማ። ይህን የሰማ ካፒቴን አይጠይቅም። ቅርብ ወዳለው ዳር ይጠጋል፣ እንግዶቹን ያወርዳል፣ ሽቅብ ይወጣል።

ዛጎል የሚነፋ ሌላም ሰው አለ። አሳ ሻጩ ማስ ፈርዲ («ማስ» እንደ «ጋሼ» ነው) ዓርብ ዓርብ ፒክአፑን እየነዳ በላይኛው መንገድ ሲያልፍ፣ ሴቶቹ ሳህን ይዘው እንዲወጡ፣ አጭር አጭር አድርጎ ይነፋል፤ ቱ፣ ቱ፣ ቱ። አጭር አሳ ነው፣ ረጅም ወንዝ ነው። በፈርን ጋፕ ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም።

ሚስ ኤቨሪል ዛጎሉን የተረከበችው በሐዘን ነው። ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ወንድሟ ክሎቪስ፣ በሁለት ዓመት የሚበልጣት፣ ዘንጉን በያዘ ቁጥር የሚያፏጭ ካፒቴን ነበር። አንድ ማክሰኞ ሁለት እንግዳ ይዞ ሲወርድ አባቷ ዛጎሉን ነፉ፤ ደህና አድርገው፣ እንደ ወጉ ነፉ። ክሎቪስም ሰምቶ ዳር ያዘ። እንግዳው ሰውዬ ግን ነገሩ ገንዘብ ለመንጠቅ የታሰበ ዘዴ መሰለው። «እዚህ አንወርድም፣ የከፈልነው እስከ ታች ነው» አለ። ካፒቴን ደግሞ እንግዶቹን ጥሎ አይወርድም። ይህ የተጻፈ ሕግ አይደለም፤ ግን ይህን የጣሰ ሰው በዚያ ወንዝ ሁለተኛ ዘንግ አይዝም። ክሎቪስን በሦስተኛው ቀን ባሕሩ አፍ ላይ አገኙት። ሚስቱ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ዘጠኙ የሐዘን ሌሊት ሲያበቃ፣ አባትየው ዛጎሉን ከምሰሶው አውርደው ሴት ልጃቸው ጭን ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ወዲያ በእጃቸው ነክተውት አያውቁም።

ከዚያ ጽንስ የተወለደችው ልጅ አድጋ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ዴንዚል ይባላል። ዘንድሮ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። እሱም ካፒቴን ሆነ። ሚስ ኤቨሪል እምቢ በል ብላው ነበር፣ አልሰማትም። ሲገፋ እንደ አያቱ ያፏጫል። ያን ፉጨት የሰማችበት ቀን ትዝ ይላታል፤ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች።

ያለፈው ዓመት ለወንዙ ሰዎች ክፉ ዓመት ነበር። የእንግዶቹ መንግሥታት «ወደ ጃማይካ የምትሄዱ ተጠንቀቁ» የሚል ማስጠንቀቂያ አወጡ፤ ሆቴሎቹም ባዶ ሆኑ። ዴንዚል ያን ወረቀት ከእንግዳ አግኝቶ አንድ እሑድ በረንዳዋ ላይ አነበበላት። ብቻችሁን አትንቀሳቀሱ፣ ከማታውቁት ሰው ጋር አትሂዱ፣ ወደ ማንም ቤት አትግቡ፣ ሆቴሉ ያላዘዘውን መኪና አትሳፈሩ። እስከ መጨረሻው መስመር አነበበው። ሚስ ኤቨሪል ባቄላ እየፈለፈለች አዳመጠች።

«ውሸት የለበትም» አለች።

«ምን ይላሉ አክስቴ ኤቪ! የኛን ስም ነው እኮ ያጠፋው!»

«የማስ ቶማስ ልጅ ከተማ ውስጥ በጥይት አልሞተም? እኔስ ከተማ ስሄድ ቦርሳዬን የት ነው የማስገባው? ወንዶች ብቻ ያሉበት ታክሲ ውስጥ ስገባ አይተኸኛል? በቀትር መኪና አይደለም እንዴ የምመለሰው?» ባዶውን የባቄላ ልጣጭ ወደ ዶሮዎቹ ጣለች። «የጻፈው ሰው ጠንቃቃ ነው። እዚህ ወንዝ ዳር ግን ቆሞ አያውቅም። የወንዙን ነገር በአንድ መስመር አለፈው።»

ቆይቶ ከባሕሩ ዳር ካሉት ሆቴሎች አንዱ ለካፒቴኖቹ አዲስ ትእዛዝ ሰጠ፤ ታንኳ ከመነሻው እስከ መድረሻው የትም እንዳይቆም፣ እንግዳ ወንዝ ዳር ካሉ ቤቶች እንዳይገባ። ሚስ ኤቨሪል ኑሮዋ ድስቷ ነበር። ከድንጋይ ሥር የሚያዘውን ትንሹን የወንዝ ሽሪምፕ በኮኮናት ወተት ሠርታ፣ ጥሬ ሙዝና ቦዬ ቀቅላ፣ ለወራጅ እንግዶች ምሳ ታቀርብ ነበር። ያ ቀረ።

«አክስቴ ኤቪ፣ የርስዎ ሾርባም ከአደገኞቹ ዝርዝር ገብቷል» አላት ዴንዚል።

«በርበሬው ይሆናላ» አለች። ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሀል ላይ በሳል ተቆረጠ።

ያን ሳል ዴንዚል ልብ አላለውም። ከጥር ጀምሮ ደረቷ ይጨመደዳል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ደረቷን በማዳመጫ ካዳመጠች በኋላ «የእንጨት ጭስ ይብቃዎት፣ ዳገትም ይብቃዎት» ብላታለች። አንድ ቀን ማንም በሌለበት ዛጎሉን አንሥታ ሞከረችው። ረጅሙ ትንፋሽ መሀሉ ላይ ተበጠሰባት። እንደገና ሞከረች፣ እንደገና ተበጠሰ። መልሳ ሰቀለችው። ከፋሲካ በኋላ ለካፒቴኖቹ እነግራቸዋለሁ አለች። ፋሲካ አለፈ። ዝናቡ እስኪገባ ጊዜ አለ አለች። ለማንም አልተናገረችም።

ነገሩ የሆነው በግንቦት ወር፣ አንድ ዓርብ ረፋድ ላይ ነው።

ሚስ ኤቨሪል ከገደሉ ሥር ወርዳ በአባቷ ገጀራ የሙዝ ዘለላ ትቆርጥ ነበር። ፀሐይዋ ብርቱ ነበረች። ጎንበስ ባለችበት ውኃው ዳር ስታይ፣ ጥቃቅኖቹ አሳዎች ተሰብስበው ከዳሩ ሣር ሥር ተጠግተዋል። ቀና አለች። አንድ የደረቀ ቅጠል፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ ብዙ፣ በውኃው መሀል መሀል እየተንሳፈፉ ይወርዳሉ። ወደ ዶሮዋ አየች። ጀርባዋ ርሷል።

ሠላሳ አንዱን የአፈር ደረጃ እንዴት እንደወጣች አታውቅም። ገጀራውን እንደያዘች በረንዳው ላይ ደረሰች፣ ዛጎሉን በግራ እጇ አወረደች፣ ወደ አፏ አስጠጋችና ነፋች።

ቱ፤ ተበጠሰ። አየር ሳበች። ቱ፤ ተበጠሰ። ቱ።

አምላኬ፣ አንዴ ብቻ አለች በልቧ። እንደገና ነፋች። አሁንም አጭር፣ አጭር፣ አጭር።

በላይኛው መታጠፊያ የዴንዚል ታንኳ ብቅ አለ። ያን ቀን ወንዙ ላይ የነበረው ታንኳ እሱ ብቻ ነበር። ከኋላ ሁለት ሴቶች ሰፋፊ ባርኔጣ አድርገው ተቀምጠዋል። ዴንዚል ፉጨቱን አቁሞ ሰማ፣ ወደ ላይኛው መንገድ አንጋጠጠ፣ ከዚያ ፀሐይ ዓይኑን እየወጋችው ወደ በረንዳው እጁን አውለበለበ።

«ማስ ፈርዲ ዛሬ ቀድሟል! አክስቴ ኤቪ፣ ሁለት ፓውንድ ቀይ አሳ ይያዙልኝ!»

ብሎም በወንዙ መሀል ገፋ።

ሚስ ኤቨሪል አርባ ስድስት ዓመት የጠበቀችው ትንፋሽ አሳ ሆኖ ተሰማ። ዛጎሉን በረንዳው ላይ ጥላ፣ ገጀራው እጇ ላይ መኖሩን እንኳ ሳታውቅ፣ ደረጃውን ቁልቁል ወረደች። ሻሿ ከራሷ ወልቆ ወደቀ። እስከ ጉልበቷ ውኃው ውስጥ ገባች።

«ዴንዚል! አሳ አይደለም! ወንዝ ነው! ወንዝ ነው ልጄ!»

ዴንዚል ፊቷን አየ። ከዚያ ዶሮዋን አየ። ድንጋይዋ እስከ አንገቷ ሰጥማለች። ዘንጉን ከሥር ተክሎ ታንኳውን በአንድ ጉልበት አዞረውና ዳር አስያዘው።

ከሁለቱ እንግዶች አንዷ ሸበቶ አሮጊት ናት፤ ዶሪን ትባላለች። ሌላዋ ልጇ ጌይል ናት፣ የአርባ ዓመት ሴት። ከካናዳ ነው የመጡት። ጌይል አንገቷ ላይ ውኃ የማያስገባ፣ ውስጡን የሚያሳይ ኪስ አንጠልጥላለች፤ ውስጡ የመንግሥቷ ማስጠንቀቂያ ተጣጥፎ ተቀምጧል። እናቷን በደህና እንድትመልስ ለወንድሞቿ ቃል ገብታ ነው የወጣችው። አሁን የምታየው ራሷን ያልሸፈነች፣ እግሯ ባዶ፣ ገጀራ የያዘችና የምትጮኽ ሴትዮ ነው።

«ለምን ቆምን? የትም አትቆሙም ተብለናል» አለች።

«ውረዱ እመቤቴ፣ ቶሎ ውረዱ። ወንዙ ሊወርድ ነው።»

«ወንዙማ እየወረደ ነው!» ወደ ሰማይ አየች። «ጠብታ ዝናብ የለም። ምንድን ነው የምትለው? ቅድም ያ ጥሪ ሲነፋ የሰማሁትስ ምንድን ነው? ማንን ነው የምትጠሩት?»

«ዝናቡ ላይ ነው፣ ተራራው ላይ...»

«ገጀራ ይዛለች!»

ሚስ ኤቨሪል እጇን አየች። እጀታውን አባቷ በገዛ እጃቸው ነበር የቀረጹት፤ የጣቶቻቸው ቦታ እንደ ሰረጎደ አለ። ሁለት ጊዜ አላሰበችም። ወንዙ መሀል ወረወረችው። ውኃው ዋጠው። ሁለቱን መዳፎቿን ዘርግታ አሳየች።

ጌይል ግን አልተነሣችም። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ የተነገራትን ሁሉ በልቧ የያዘች ሴት ነበረች። «ወደ ማንም ሰው ቤት አትሂዱ ተብለናል። ወደ መሀል መልሰን። እባክህ መልሰን።»

ሚስ ኤቨሪል ወደ ዴንዚል ዞረች። ታንኳውን በዘንጉ ወጥሮ ይዞ ቆሟል፣ ሁለት እግሩም ታንኳው ላይ ነው።

«አንተ ውረድ!»

«እንግዶቼ ሳይወርዱ?» አለ ቀስ ብሎ። «ያውቁ የለም እንዴ፣ አክስቴ።»

ታውቃለች። ከሷ በላይ ማን ያውቃል? ውኃው ከጉልበቷ አልፎ ጭኗን ነካት። ቀለሙ መለወጥ ጀምሯል፤ ቡናማ ክር የመሰለ ነገር በመሀሉ ይወርዳል። የአፈር ሽታ ሸተታት። ብትጮኽ ሴትየዋ ይብስ ትደነግጣለች። እጇን ይዛ ብትጎትት ዘራፊ ትሆናለች። ክሎቪስን በቁሙ እያየችው እንደገና ሊሄድ ነው። እንደዚያ ስታስብ፣ ባቄላ እየፈለፈለች የሰማችው መስመር ትዝ አላት።

«ልጄ» አለቻት፤ በተቆራረጠ ትንፋሽ ነው የተናገረችው። «እኔን አትመኚ። ያንገትሽን ወረቀት አውጪው። መጨረሻው ላይ ስለ ጎርፍ ምን ይላል? አንብቢው።»

ጌይል ደነገጠች። ሴትዮዋ ወረቀቷን እንዴት አወቀችው? ኪሱን ከፍታ አወጣችው፣ በረጠበ አውራ ጣቷ ገለጠችው። «የጎርፍ አደጋ... ድንገት ሊደርስ ይችላል...» በጣቷ መስመሩን ተከተለች። «የአካባቢውን ባለሥልጣን መመሪያ ተከተሉ።» ቀና አለች። «የታለ ባለሥልጣን? ፖሊስ የለ፣ ማንም የለ!»

ዴንዚል በአንድ እጁ ዘንጉን እንደያዘ በሌላው ቆቡን አወለቀ።

«እሷ ናት» አለ። «ሌላ የለንም።»

እስከዚያ ድረስ ያልተናገረችው ዶሪን ናት ያን ጊዜ የተነሣችው። ሚስ ኤቨሪልን ከላይ እስከ ታች አየቻት፤ የወለቀውን ሻሽ፣ እንደ ወናፍ የሚነሣ የሚወድቀውን ደረቷን።

«ጌይል» አለች፣ «ይቺ ሴትዮ ልትዘርፈን ከሆነ መጀመሪያ ትንፋሿን ትሰብስብ። እስቲ እጅሽን ስጪኝ እህቴ።»

የመጨረሻውን ለሚስ ኤቨሪል ነበር የተናገረችው። ሁለቱ አሮጊቶች እጅ ለእጅ ተያያዙ። እናትየው ስትወርድ ልጅ ተከትላ ዘለለች። ዴንዚል የኋለኛው ሆኖ ወረደ፣ ጌይልን ከኋላ እየገፋ፣ «ሽቅብ! አታቁሙ! ሽቅብ!» እያለ።

ሃያኛው ደረጃ አካባቢ ሲደርሱ ድምፁ መጣ። እንደ ከባድ መኪና ነበር፤ ግን ከአንድ ቦታ ሳይሆን ከሸለቆው ሁሉ የሚመጣ። ማንም ወደ ኋላ አላየም። በረንዳው ላይ ሲወድቁ ነው ዞረው ያዩት። ወንዙ ከነግንዱ፣ ከነአጥሩ፣ ከነሙዝ ተክሉ መታጠፊያውን ዞሮ ገባ። ታንኳው አንዴ ብድግ አለ፣ በጎኑ ቆመ፣ ቀርከሃዎቹ አንድ በአንድ ተበተኑ። የታችኞቹ አሥራ አንድ ደረጃዎች እንዳልነበሩ ሆኑ። ዶሮዋ የት እንደነበረች አይታወቅም። ፀሐይዋ ግን እንደነበረች ናት፣ ሁሉም ላይ ታበራለች።

«ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር» አለች ጌይል። ቆይታም ደገመችው። «ጥርት ያለ ነበር እኮ።» ወረቀቱ አሁንም እጇ ላይ ነበር።

ሚስ ኤቨሪል ምሰሶውን ተደግፋ አየር ትስባለች። ዴንዚል ውኃ አመጣላት። እሷ ስትረጋጋ ጓዳ ገብቶ ከጠዋቱ የተረፈውን ሾርባና የሙዝ ቅቅል አቀረበ። ዶሪን ሳትጠየቅ በላች። ጌይል ሳህኑን ይዛ ብዙ ቆየችና በላች፣ በርበሬው እያስነጠሳት።

«ቅድም ያ ነገር ሲነፋ ምን መስሎኝ እንደነበር ልንገርዎት?» አለች። «ወሮበሎች የሚጠራሩ ነበር የመሰለኝ።»

«እኔ ደግሞ አሳ መስሎኝ ነበር» አለ ዴንዚል።

ማንም አልሳቀም። ዴንዚል ማንኪያውን አስቀምጦ አንገቱን ደፋ። «ሁለት ፓውንድ ያዙልኝ አልኩ። እነዚህን ሰዎች ከኋላዬ አስቀምጬ... ሁለት ፓውንድ ያዙልኝ አልኩ።»

«ቀና በል» አለች ሚስ ኤቨሪል። «ጆሮህ ደህና ነው። የሰማኸው አሳ ነው፤ እኔ ነኝ አሳ የነፋሁት። ትንፋሼ ከጥር ጀምሮ የለም።»

«ከጥር? ታዲያ ምነው ሳይነግሩን?»

ወደ ወንዙ አየች። «ዛጎሉን ካስረከብኩ ክሎቪስን ሁለተኛ የምቀብረው መሰለኝ። በዚህ ምክንያት አንተን ልቀብርህ ነበር።»

ዴንዚል ተነሥቶ ሄደና ከበረንዳው ወለል ላይ ዛጎሉን አነሣ። ጠርዙ ላይ ትንሽ ተሸርፏል፣ ግን ደህና ነው። በሸሚዙ ጠርጎ ሰቀለው።

ከቀትር በኋላ ከላይኛው መንገድ ቱ፣ ቱ፣ ቱ የሚል ተሰማ። አራቱም ከመቀመጫቸው ዘለሉ። ይኼኛው ማስ ፈርዲ ነበር፣ የእውነቱ።

ጌይል እንዴት እንደሚመለሱ ጨንቋት ነበር፤ ሆቴሉ ያላዘዘውን መኪና እንዳትሳፈር ተብላለች። ሚስ ኤቨሪል አልተቀየመችም። «ልክ ነሽ» አለቻት። «መጀመሪያ ሆቴልሽ ደውዪ። የት እንዳለሽ፣ ከማን ጋር እንደምትመጪ ንገሪያቸው። የመኪናውን ታርጋ ጻፊ፤ እኔም ብሆን እጽፈው ነበር። እናትሽ ከፊት ትቀመጥ። እኔና ዴንዚል እስከ ድልድዩ አብረን እንሄዳለን።»

ጌይል ታርጋውን በወረቀቷ ጠርዝ ላይ ጻፈች። ማስ ፈርዲ ቅር ብሎት «ሠላሳ ዓመት አሳ ስሸጥ ታርጋዬን የጻፈብኝ የለም» ሲል፣ ሚስ ኤቨሪል «አሳ አታርጋቸው እንጂ ምን ቸገረህ፣ ንዳ» አለችው። ዶሪን ከፊት ተቀመጠች፣ ሌሎቹ ከኋላ ከአሳው ሣጥን ጋር። ድልድዩ ጋ ሲለያዩ ዶሪን በመስኮቱ እጇን አውጥታ የሚስ ኤቨሪልን እጅ ያዘች፤ መኪናው እስኪንቀሳቀስ አልለቀቀችም።

እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ካፒቴኖቹ መነሻው ላይ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ተሰበሰቡ። ሚስ ኤቨሪል የዘወትር የእሑድ ባርኔጣዋን አድርጋ፣ ዛጎሉን በጨርቅ ጠቅልላ መጣች። ቆማ ነው የተናገረችው። ስለ ጥር፣ ስለ ነርሷ፣ ከፋሲካ በኋላ ስላለችው፣ ዓርብ ዕለት ስለሆነው። አንድም ነገር አላስቀረችም። ሃያ ያህል ወንዶች ነበሩ፤ የሁሉንም እናቶች ታውቃለች፣ ግማሾቹን አዋላጇ ስትቀበላቸው ውኃ ያፈላችው እሷ ነበረች። ሁሉም አቀረቀሩ።

ያልተጠራው ማስ ፈርዲ ከኋላ ሆኖ ሲሰማ ነበር። ወደ ፊት መጣና የራሱን ዛጎል ከኮቱ ሥር አውጥቶ ከዛፉ ሥር በነበረ ጠረጴዛ ላይ አኖረው።

«የኔ ከዛሬ ጀምሮ አይነፋም» አለ። «አሳ የሚፈልግ ይጠብቀኝ፤ ሣህን እደበድባለሁ። ሁለት ጥሪ በአንድ ሸለቆ ሊኖር አይገባም ነበር። እኔም ማሰብ ነበረብኝ።»

ከዚያ የሁሉም ልብ ተፈታ። አሮጌው ካፒቴን ሚስ ኤቨሪልን ወንበር ላይ አስቀመጣት። ዛጎሉ ለዴንዚል ሚስት ለማርቫ እንዲሰጥ ተስማሙ፤ ማርቫ በቤተ ክርስቲያን መዝሙር የምትመራ፣ አንዱን ስንኝ ይዛ ሌላው ሰው ሦስት ጊዜ እስኪተነፍስ የማትለቅ ሴት ናት። ቤቷም ከሚስ ኤቨሪል ቤት ጎን ነው። ማርቫ ተጠርታ መጥታ ስትቀመጥ፣ ሚስ ኤቨሪል ዛጎሉን፣ አባቷ እንዳደረጉት፣ ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት። ከአባቷ የተለየችው በአንድ ነገር ነው፤ ዞራ አልሄደችም። «ነገ ጠዋት እንጀምራለን» አለች። «እኔ እቆጥርልሻለሁ።»

በሚቀጥለው ዓርብ ማስ ፈርዲ እንዳለው ሣህን እየደበደበ አለፈ። ልማድ አይደለምና ማንም አልወጣለትም፤ ከቤታቸው ሆነው ልጆች የሚጫወቱ መሰላቸው። ሚስ ኤቨሪል ግን ታውቃለች። ዳገቱን ቀስ ብላ፣ ሁለት ጊዜ አርፋ፣ ወጣች።

«ሁለት ፓውንድ ቀይ አሳ» አለችው።

«ለብቻዎ ይበዛብዎታል ሚስ ኤቨሪል።»

«የታዘዘ ነው።»

ዴንዚልን ያገኘችው ወንዙ ዳር አዲስ ታንኳ ሲያስር ነው። ቀርከሃው ገና አረንጓዴ ነበር። ከሱ ጋር ሁለት ካፒቴኖች ውኃው ውስጥ ቆመው ገመድ ይወጥራሉ። በቅጠል የተጠቀለለውን አሳ ሰጠችው።

«ምንድን ነው?»

«ያዘዝከው ነዋ። ባለፈው ዓርብ ያዙልኝ አላልክም?»

ዴንዚል ጥቅሉን በሁለት እጁ ያዘው።

ያን ጊዜ ከላይ ከበረንዳው ማርቫ ልምምዷን ጀመረች። ዛጎሉ አንዴ ተቆራረጠ፣ ከዚያ ቀና፤ አንድ ድምፅ፣ ሳይበጠስ፣ ሸለቆውን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። ሚስ ኤቨሪል በከንፈሯ ቆጠረች። አሥራ አምስት። ሃያ። ሃያ ስድስት።

ልምምድ መሆኑን ሁሉም ያውቁ ነበር፤ ጠዋት ተነግሯቸዋል። ሆኖም ሁለቱ ካፒቴኖች ገመዱን ለቅቀው ከውኃው ወጡ። ዴንዚልም አሳውን ደረቱ ላይ እንደያዘ፣ ሽቅብ ወጣ። ሚስ ኤቨሪል ከኋላው ሆና አየችው፣ ቀጥላም እሷ ወጣች።